ቡሬ የጾመችበት ሰኔ

ባለፈው ሰኔ ወረታ መገንጠያው ላይ፣ ከማደያው ፊት ለፊት ቆሜ ነበር። ባጃጆቹ ከማደያው በር ጀምረው ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ዳር ተሰልፈዋል። ሾፌሮቹ ግማሾቹ ጥላ ፈልገው ተቀምጠዋል፣ ግማሾቹ በአዲሱ የቤንዚን ዋጋ ይነጫነጫሉ። አንድ ልጅ የባጃጁን የቤንዚን ክዳን ከፍቶ ቀጭን እንጨት ሰደደና አውጥቶ አየው። ከዚያ ደግሞ አሸተተው፤ አሽትቶ ምን ሊያገኝ እንደፈለገ እንጃ። ሽታው እኔም ጋ ደረሰ።

"ስንት ጣት ቀረህ?" አልሁት።

"በጣት አይለካም እኮ እማማ" አለ እየሳቀ።

ልጁ ምን ያውቃል። እኔ በስምንት ዓመቴ ቤንዚን በጣት እለካ ነበር፤ ለዚያውም ሥራዬ እሱ ነበር።

ያኔ ዘመኑ የደርግ ነው። ቤንዚን በኩፖን ሆኗል፤ በኩፖን መሆኑ አልበቃ ብሎ ዋጋውም በየጊዜው ይጨምራል። አባየ ቀደም ሲል የርብን ወንዝ ከላይ እስከ ታች ለሚያጠኑ ሰዎች ሾፌር ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ሰዎቹ ሥራውን ትተው ሄዱ፣ ሲነዳት የነበረችው ጂፕ በጨረታ ወጣች። አባየ፣ እማየ ከአባቷ ቤት ይዛቸው የመጣችውን ሁለት የፎገራ ላሞች ሸጦ ገዛት። አረንጓዴ ቀለሟ እዚህም እዚያም ተልጦ ነጩ ስለሚታይ ሰፈሩ እንደ ላም ቡሬ ብሎ ጠራት።

ቤታችን ከወረታ ወደ ጣና በኩል፣ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብሎ ነው። ሜዳው ዋልካ ነው። በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ሰው ጫማውን ትቶ እግሩን ብቻ ይዞ ይወጣል። እዚያ ሜዳ ላይ ጭቃ የማትፈራ መኪና ያለው አባየ ብቻ ነበር። ገበያተኛ ይጭናል፣ በሽተኛ ያደርሳል፣ ሙሽራ ያመጣል። ይህም ሆኖ ሰፈሩ "ላም ሸጦ ብረት የገዛ" ማለቱን አልተወም።

ከሁሉም የባሰችው እትየ ማንጠግቦሽ ነበረች። የአባየ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ እኛ ቤት ትኖራለች፣ ምላሷ ግን የሁሉም ቤት ነው። "ላም ሣር በልታ ወተት ትሰጣለች፤ ያንተዋ ቤንዚን ጠጥታ ጭስ ትሰጣለች" ትለዋለች። እማየ እንዲህ አትናገርም። ቤንዚን ጨመረ የተባለ ቀን ብቻ፣ ሥራዋን ሳታቋርጥ፣ "ሣር እስካሁን አልጨመረም" ትላለች። አባየ ይህችን ሲሰማ ተነሥቶ መኪናዋን ይወለውላል።

ቁጠባውን ግን ያውቅበታል። ቁልቁለት ሲያገኝ ሞተሩን አጥፍቶ በፎሌ ይለቃታል፤ የራሷ ክብደት ይዟት ይወርዳል። አራቱም ጎማ እንዲጎትት ማርሽ የሚያስገባው ጭቃው እስከ ወገቧ ሲውጣት ነው፣ ያኔ አብዝታ ትጠጣለችና። ዳገት ላይ ተሳፋሪ ያወርዳል። አንድ ወፍራም ደብተራ ነበሩ፣ እሳቸውን ሜዳ ላይም ያወርዳቸው ነበር።

የቤንዚኗ መለኪያ ከተሰበረ ቆይቷል። አባየ ከሐይቁ ዳር ቀጥ ያለ ሸምበቆ ቆርጦ በጣት ልክ ቆረጥ ቆረጥ አደረገበት። ሾፌሮች ሰልባትዮ በሚሉት የቤንዚን ማጠራቀሚያዋ ውስጥ ሸምበቆውን ሰድጄ፣ የራሰውን አይቼ፣ በየቀኑ ከሰዓት መንገር የእኔ ድርሻ ሆነ። ከሸምበቆው ታች በኩል ቀይ ክር አስሮበታል።

"ከክሩ በላይ ያለው የገበያተኛው ነው" አለኝ። "ከክሩ በታች ያለው የእናትሽ ነው። እሱ አይነካም።"

እማየ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከእኔ በኋላ ሁለት ልጆች ቤት ውስጥ ወልዳ ሁለቱም አልቀሩላትም፤ በሁለተኛው ጊዜ እሷም ለጥቂት ነው የተረፈችው። ደብረ ታቦር ያያት ሐኪም ቀጣዩን ሆስፒታል ካልወለድሽ አይሆንም ብሏታል። ክሩ የታሰረው ከቤታችን ደብረ ታቦር በሚያደርሰው ልክ ነው። ለመመለሻው አባየ "እግዜር ያውቃል" ከማለት በቀር ልክ አላወጣለትም።

ጾሙን ያመጣችው እትየ ናት። አንድ ቀን አባየ ከባሕር ዳር ተመልሶ ዋጋው እንደገና መጨመሩን ሲነግረን፣ "ሰው በሳምንት ሁለት ቀን እየጾመ ብረት በየቀኑ ይጠጣል? እሷም ረቡዕና ዓርብ ትጹም" አለች። አባየ ሳቀ። ሲስቅ ቆይቶ ጣቶቹን እያጠፈ አንድ ነገር አሰላ። በሚቀጥለው ረቡዕ ቡሬ ከዋርካው ሥር ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ወዲያ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆማ መዋል ልማዷ ሆነ፤ ሰዉም ለመደው።

እኔ ነገሩን እንደ ቀልድ አልያዝሁትም። በጾም ቀን ዳቦ ይዤ በአጠገቧ አላልፍም፣ አምሯት እንዳይሆን። ፀሐይ ብረቷን ሲያሞቀው ቋ ቋ የሚል ድምፅ ይወጣታል። ሆዷ ነው ብዬ ፊቷን እየደባበስሁ "አይዞሽ፣ ዘጠኝ ሰዓት ደርሷል" እላታለሁ። እማየ አንድ ቀን ሰምታኝ፣ "ልጄ፣ እሷ እኮ ሆድ እንጂ ነፍስ የላትም" አለችኝ። ሆድ ካላት ረኃቡ አይቀርም ብዬ ደመደምሁ።

አንድ ዓርብ ጠዋት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር መጣ። ኩፖን ያለ እሱ ማኅተም አይገኝም። ወረታ ስብሰባ እንዳለበት ተናገረ።

"ዛሬ አትነሳም ጓድ ሊቀ መንበር" አለ አባየ።

"ምን ሆና?"

አባየ መልስ ሲፈልግ እኔ ቀደምሁት። "ትጾማለች።"

እትየ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ለሊቀ መንበር ስለ ጾም የሚወራበት ጊዜ አልነበረም። ሊቀ መንበሩ እኔንም ቡሬንም ተራ በተራ አየ።

"መኪና አይጾምም። ይሄ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው" አለ። ወዲያና ወዲህ ተመለከተ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ከዘጠኝ ሰዓት በኋላስ?" ብሎ ጠየቀ።

ስብሰባው ግን ጠዋት ስለነበር በእግሩ ሄደ። እትየ ከኋላው እያየች፣ "እሱም አፉን አልሻረም፣ አረማመዱን እዩት" አለች። ማኅተሙንም አልከለከለንም።

ሰኔ እንደገባ ጎረቤታችንን አያ ደሴን እርሻ ላይ እባብ ነደፋቸው። በዋዜማው ስለካ ሸምበቆው የራሰው ልክ ክሩ ድረስ ነበር። አባየ ቁልፉን ይዞ ቆመና እማየን አያት።

"ምን ታየኛለህ?" አለችው። "ሰው እየሞተ ክር ይታያል?"

አያ ደሴ ወረታ ጤና ጣቢያ ደርሰው ተረፉ። መሬቱ ግን በመጀመሪያው ዝናብ ርሶ ነበርና አባየ አራቱንም ጎማ አስገብቶ ነው የሄደው። ሲመለስ ሸምበቆውን ሰደድሁ። ከክሩ በታች አንድ ጣት ተኩል ወርዷል። ኩፖናችን ደግሞ እስከ ሐምሌ አልቋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማየ ስትነሳም ስትቀመጥም ሆዷን እንጂ ሌላ አላይም ነበር። ፈርቼ ነበር።

የእማየ ቀን ሲቀርብ አባየ ባዶ ጀሪካን ይዞ፣ ረቡዕ ዕለት፣ ቤንዚን ፍለጋ በእግሩ ወረታ ወጣ። ከዚያ በጭነት መኪና ሐሙሲት፣ ካልሆነም ባሕር ዳር ሊሄድ ነው። ሲወጣ ሸምበቆውን ሰጠኝ።

"እኔ እስክመጣ ያንቺ ነው" አለኝ። "ያየሽውን ብቻ ንገሪ። ሰውን ደስ ለማሰኘት ተብሎ አይለካም።"

ሐሙስ ዕለት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እትየ የዘር እህሉ ጎታ ላይ ጠበል ስትረጭ አይቻለሁ፣ "ይበርክት" እያለች። እኛ ቤት ደግሞ የንስሐ አባታችን ቄስ ምሕረቴ ለእማየ ከጣራ ገዳም ያመጡላት ጠበል በትልቅ ቅል አለ። በየጠዋቱ በባዶ ሆዷ ትጎነጭለታለች። ጠበል ጾም አያስፈታም። እህል ካበረከተ ቤንዚን የማያበረክትበት ምክንያት አልታየኝም።

መጀመሪያ ጥቂት ጠብ ላደርግ ነበር ያሰብሁት። ጠብ አድርጌ ሸምበቆውን ስሰድ ከፍ ያለ መሰለኝ። እንደገና ጨመርሁ፣ እንደገና ለካሁ። በየጊዜው ከፍ ይላል። ቅሉ ባዶ ሲሆን ሸምበቆው እስከ ክሩ ርሶ ወጣ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተደሰትሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ከዚያ ባዶውን ቅል አየሁና ደነገጥሁ። ማንም ሳያየኝ ከጉድጓድ ውሃ ቀድቼ ሞላሁት። ማታ እንቅልፍ የነሣኝ ይሄኛው ነው እንጂ የመጀመሪያው አልነበረም።

በነጋታው የሰኔ ማርያም ዓርብ ላይ ዋለች። እማየን ምጥ የጀመራት ማለዳ ነው። እትየ ቄስ ምሕረቴን አስጠራች፤ ዳዊታቸውን ይዘው መጡ። ፀሐይ ሞቅ ሲል አባየ በሜዳው ብቅ አለ። ጀሪካኑ በእጁ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል፤ ባዶ መሆኑን ሁላችንም ከሩቅ አወቅን።

ገብቶ እማየን አይቷት ወጣ። "የሻረግ፣ ለኪ" አለኝ።

ለካሁ። "ክሩ ላይ ነው" አልሁ።

ሸምበቆውን ከእጄ ወስዶ አየው። የሦስት ቀን ድካም ከፊቱ ሲወርድ አየሁ። "አያ ደሴን ያደረስሁ ለት ስንለካ የተሳሳትነው እኛ ነን ማለት ነው" አለ። ዝም አልሁ። እሱን ደስ ሲለው ማየት ለእኔ ከእውነቱ በለጠብኝ።

ሴቶቹ እማየን ደግፈው አመጡና ከኋላ አስቀመጧት። አባየ ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል ቄስ ምሕረቴ እጃቸውን አነሡ። "ቆይ ልጄ፣ ጠበሉን አምጡልኝ፤ ልርጫት።"

እትየ ቅሉን አመጣች። ቄስ ምሕረቴ በመዳፋቸው ቀዱ። እማየ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን አቀናች። ያንን ፊት አይቼ ዝም ማለት አልቻልሁም።

"አባቴ፣ እሱ ጠበል አይዶለም።"

"ምን አልሽ ልጄ?"

"የጉድጓድ ውሃ ነው።"

"ጠበሉስ የት ሄደ?"

በጣቴ ቡሬን አሳየሁ።

አባየ እኔን አላየኝም። የብሎን ቁልፉን ፈልጎ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ተኛ። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳልና ከታች ነው የሚተኛው፤ ሞተሩ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ቡሬ እማየን እንደያዘች ሜዳው መካከል ትቆም ነበር። ይህን የተረዳሁት ኋላ ነው። ያን ሰዓት የገባኝ እኔን አለማየቱ ብቻ ነበር።

"መሬት እንዳይነካ" አሉ ቄስ ምሕረቴ። "ምንም ቢሆን ጠበል ነው። እግር እንዳይረግጠው።"

እትየ ሳፋ ደቀነች። የሰልባትዮው ብሎን ሲላላ መጀመሪያ ውሃው ወረደ። አባየ በመዳፉ እየተቀበለ ያሸታል። አሁንም ውሃ፣ አሁንም ውሃ። ከዚያ "መጣ" አለና ብሎኑን አጠበቀ። ሳፋው ውስጥ የነበረውን ቄስ ምሕረቴ ከአጥሩ ጥግ፣ ሰው ከማይረግጥበት አፈሰሱት። እዚያ ቦታ ለሁለት ክረምት ሣር አልበቀለም። እትየ ግን ቦታው ስለተባረከ ነው ትል ነበር።

አባየ ሸምበቆውን አነሣ። እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠኝም። ራሱ ሰደደ፣ ራሱ አየ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

"አንድ ጣት ተኩል እንደጎደለ ነው" አለ። "ከወረታ ወዲያ ቢሆን ይበቃኛል። እስከ ወረታ ያለው ጭቃ ነው የሚበላብኝ።"

"በሬ ይጎትታታ" አለች እትየ።

የተሰበሰቡት ወንዶች አንገታቸውን ደፉ። ልባቸው ጠፍቶ አይደለም። ዕለቱ ማርያም ነው። በእኛ አገር በማርያም በሬ የጠመደ፣ እህሉን በረዶ ቢመታው አጎንብሶ ከመቀበል በቀር የሚለው የለውም። የአንዱ ኃጢአት ደግሞ የሁሉንም ማሳ ነው የሚያስመታው። እማየ ከውስጥ አቃሰተች።

ቄስ ምሕረቴ ዳዊታቸውን ዘጉ። "የእኔን በሬዎች አምጡ" አሉ።

"አባቴ፣ ዛሬ እኮ ማርያም ናት" አለ አንዱ።

"አዎ፣ ማርያም ናት" አሉ። "እሷም ወልዳለች።"

የእሳቸው በሬዎች ሲጠመዱ አያ ደሴ ያበጠ እግራቸውን እየጎተቱ ሄደው የራሳቸውን ጥማድ አመጡ። ሁለት ጥማድ በሬ በሰንሰለት ቡሬን ይዞ ተነሣ። ሞተሩ ጠፍቷል። አባየ መሪውን ይዟል፣ እትየ እማየን አቅፋለች። ቄስ ምሕረቴ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ ከፊት ሆነው ጅራፉን ያጮሃሉ፤ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ነው። እኔ ከኋላ ነኝ፤ ጎማው ባወጣው ቦይ ውስጥ እያለቀስሁ እሄዳለሁ። ከእማየ ድምፅ ሌላ የሚሰማው የበሬዎቹ ትንፋሽ ነበር።

ወረታ ደርሰን በሬዎቹ ሲፈቱ አባየ ቄስ ምሕረቴን አያቸው። "እስካሁን ጾማ ነው የመጣችው" አለ። በዚያች ሰዓት መቀለዱ ዛሬም ይገርመኛል።

"ለወላድ ጾም የለም፣ ለተሸከመቻትም የለም" አሉና መስቀላቸውን አነሡ። "ፈትቻታለሁ፤ አስነሣት።"

ተነሣች። ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደውን ዳገት ይዛ ከዓይናችን ጠፋች። ቄስ ምሕረቴና እኔ በሬዎቹን እየነዳን ተመለስን። መንገድ ላይ፣ "አባቴ፣ ኃጢአቴ ብዙ ነው?" አልኋቸው።

ጅራፉን ትከሻቸው ላይ አደረጉ። "አንቺ ጠበል ቤንዚን ውስጥ ጨመርሽ፤ እኔ በማርያም በሬ ጠመድሁ። እግዜር ሲጠይቀን አብረን እንቆማለን፤ አትፍሪ።"

አራት ቀን ወሬ አልመጣም። ሰፈሩ በየቀኑ ተራ እየገባ መገንጠያው ላይ አንድ ሰው ያቆማል። ማክሰኞ ተራው የቄስ ምሕረቴ ነበር፤ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ከድንጋይ ላይ ተቀምጠን ወደ ደብረ ታቦር አቅጣጫ እናያለን። የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እነሣለሁ፤ ሁሉም የጭነት መኪና ነው። ቡሬ የመጣችው ግን ምንም ድምፅ ሳታሰማ ነው። ሞተሯ ጠፍቶ፣ ቁልቁለቱን በፎሌ፣ እንደ በግ ዝግ ብላ ወረደች። ሜዳው ሲጀምር ጉልበቷ አለቀ። ከመገንጠያው ጥቂት ሲቀራት ቆመች።

ሮጥሁ። እማየ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ከስቷል፣ ግን እሷ ናት። ነጠላዋ ውስጥ አንድ ቀይ፣ የተጨማደደ ፊት አለ። እትየ "ወንድ ነው" አለች። እማየ በአንድ እጇ ራሴን ይዛ ደረቷ ላይ አስጠጋችኝ፤ ቤንዚን ቤንዚን ትሸት ነበር።

"ላሞቼ ይህን ያህል አይጠጡም ነበር" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ አባየን አየችና፣ "ግን ደብረ ታቦር አያደርሱኝም" አለች። ስለ ላሞቹ ሌላ ነገር ሲነሣ ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም።

አባየ ወረደ። ከመቀመጫው ሥር ሸምበቆውን አወጣና ዘረጋልኝ።

"ለኪ" አለ።

ክዳኑን ከፈትሁ። ሰደድሁ፣ የሰልባትዮውን ታች እስኪነካ። ሲወጣ ከላይ እስከ ታች ደረቅ ነበር። አራት ቀን ሙሉ ጥሩ ነገር ልነግረው ስመኝ ነበር የከረምሁት።

"ምንም የለም አባየ" አልሁት። "አንድ ጠብታም የለም።"

"እሺ" አለ። ሸምበቆውን ከእጄ አልወሰደም፣ ዞሮም አላየው። እኔ ያልሁትን ብቻ ይዞ በሬ ሊያስመጣ ሄደ።